የሰሚራ አንድ አንባቢ

ኮሌጅ ውስጥ የጽሑፍ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በወረቀት ፋንታ ብሎግ ከፍተው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ሰሚራ የምትባል ተማሪዬ በየሳምንቱ የምትጽፈው ስለ ታላቅ ወንድሟ ብቻ ነበር፤ በሱዳን በኩል ወጥቶ ድምፁ ስለጠፋው። ሳነበው ሆዴ ይባባ ነበር። ትምህርቱ አልቆ ማርክ ከሰጠሁ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብሎጓን ከፍቼው አላውቅም።

በቀደም ዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ስሳፈር ሰሚራ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰላም እንደተባባልን፣ "ቲቸር፣ አሁንም ያነቡኛል አይደል?" አለችኝ። "አዎ" ልላት ነበር፤ አፈርኩና "ለምን ጠየቅሽኝ?" አልኳት።

"መጻፌን አልተውኩም። በጻፍኩ ቁጥር አንድ ሰው ብቻ እንደከፈተው ብሎጉ ያሳየኛል። እርስዎ ነዎት ብዬ ነው።"

"ይቅርታ ሰሚራ፣ እኔ አይደለሁም።"

ትቀየመኛለች ስል እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። "ወላሂ? እንግዲያው ወንድሜ ሊሆን ይችላላ!" አለች። ቀራንዮ ላይ ከታክሲው ስትወርድ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምን ጽፋ ይሆን እያልኩ ስልኬን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እኔ ከከፈትኩት የአንባቢው ቁጥር ሁለት ይሆንባታል።