ስለ ጠፋችው ድምፃዊትና ስላቆምኩት ድራም

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ «ቆርቆሮ»
ዕድሜ፦ 43 ዓመት
ሥራ፦ በተጓዥ ባንድ ውስጥ ድራም መቺ
አድራሻ፦ ቋሚ አድራሻው እናቱ ቤት፤ ለጊዜው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሆቴል፣ ክፍል 9
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ትናንት ሰኞ በከተማው አዳራሽ ስላየሁትና ስለሰማሁት ተጠይቄ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የጠፋችው ድምፃዊት የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት፤ እኔ እትዬ ነው የምላት። ወንድሜ የባንዳችን ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ባለፈው ክረምት ታሞ ሞቷል፤ አፈር ያለበስኩት እኔው ነኝ። በመጨረሻው ዘፈናችን መሀል እሱ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ አለ። ከሞተ በኋላ ያንን ቦታ ማንም እንዳይሞላው ስለተስማማን፣ እኔ ድራሙን ብቻዬን እመታለሁ፤ ሌሎቹ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። ተመልካቹ መሣሪያ የተበላሸብን ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ያፏጭብናል።

ትናንት የዕረፍት ቀናችን ነበር። ከተማችሁን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ሰው እግሩን የሚያፍታታበት ነገር የላትም፤ አንድ አስፋልት፣ አንድ ጎማ ጥገና፣ የተዘጋ ሲኒማ ቤት፣ አለቀ። የባንዱ መሪ ሚኒባሱን ይዞ ጎማ ሊያሠራ ሄደ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ እንደ ልማዱ ተኝቶ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እትዬ በሬን አንኳኩታ «ተነስ፣ አዳራሽ እንሂድ። የመጨረሻውን አንዴ ብቻ እንሞክረው» አለችኝ። በዕረፍት ቀን መሣሪያ አይነካም፤ ይህን ሕግ ያወጣው ወንድሜ ነው። ይህንኑ ብነግራት «በሞቴ» አለችኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

የአዳራሹ ጥበቃ ከፍቶልን ደጅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሷ ዘፈነች፣ እኔ መታሁ። የወንድሜ ቦታ ሲደርስ እሷ ዝም አለች፤ በዚህ ጊዜ ከጓሮው በር ውጭ ሳክስፎን ተሰማ። የሞኝ ቀልድ እንደሆነ ለማረጋገጥ ሆን ብዬ ምቱን አዘገየሁት፤ አብሮኝ ዘገየ። አፈጠንኩት፤ አብሮኝ ፈጠነ። ተቀርፆ የሚጫወት ነገር እንዲህ አያደርግም። የወንድሜ ሳክስፎን ደግሞ በዚያ ሰዓት ሚኒባሱ ውስጥ ተቆልፎበት ጎማ ጥገናው ዘንድ ነበር።

እትዬ ግን አልደነገጠችም። ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀምጣ «እንዳታቆም» አለችኝና በጓሮው በር ወጣች። ወዲያው ከውጭ አብራው ስትዘፍን ሰማኋት። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም፤ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ የሁለቱም ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ለባንዱ መሪ «እጄ ዝሎ ነው ያቆምኩት» ብዬዋለሁ፤ ውሸት ነው። በዚያ ፍጥነት ግማሽ ቀን መምታት አያቅተኝም። ያቆምኩት ስለፈራሁ ነው። የገዛ ወንድሜን ፈራሁት። እኔ ካቆምኩ እሱ ያቆማል፣ እሷም ትመለሳለች ብዬ አሰብኩ። ባቆምኩበት ቅጽበት የሁለቱም ድምፅ ተቋረጠ፤ እሷ የጀመረችውን ቃል እንኳ አልጨረሰችም። ሮጬ ብወጣ ጓሮው በረጅም ግንብ የታጠረ ባዶ የኳስ ሜዳ ነው፤ ሌላ መውጫ የለውም፤ ሰውም አልነበረበትም። ጥበቃው ድምፁ መቋረጡ ገርሞት ሲመጣ «ሁለት ናችሁ ብዬ ነው የከፈትኩት፤ ያ የሚነፋው ሰውዬ በየት በኩል ገባ?» ሲል ጠየቀኝ።

ተመልሼ መምታት ጀመርኩ። ጥበቃው የጠራቸው ፖሊሶች መጥተው ሜዳውን ሲፈትሹም እየመታሁ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የእትዬን ድምፅ በጣም ከሩቅ የሰማሁ መሰለኝ። ይህንን ጮክ ብዬ ብናገርም፣ ሁለት ፖሊሶች እጄን ይዘው ከወንበሩ አነሱኝና አዳራሹ ታሸገ። የወንድሜና የእትዬ ልጅ እናቴ ጋ ናት፤ ዛሬ ደውላ እናቷን እንዳገናኛት ስትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም። አዳራሹ እንዲከፈትልኝ እለምናለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የጨመርኩት የለም፤ ያስገደደኝም የለም።

የምስክሩ የግራ አውራ ጣት አሻራ፦ (አለ)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ማንበብና መጻፍ ይችላል። ሆኖም ቃሉን መስጠት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ቀኝ እጁ ጠረጴዛውን መምታት አላቆመም። ለፊርማ እንዲያቆም ስጠይቀው «አንዴ አቁሜ አይቼዋለሁ» በማለት ፈቃደኛ ስላልሆነ አሻራውን ተቀብያለሁ። የጣቢያው አዛዥ ጠረጴዛ መምታቱን እንዳስቆመው በሁለት ፖሊሶች ፊት አዘውኛል። አላስቆምኩትም።

የመርማሪው ፊርማ፦ (አለ)