ሁለተኛው ፖስታ

ዛሬ የምንሸኛቸው አክስቴ፣ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ አባታቸው፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ለቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው «ያልተጻፈ ሥራ አልተሠራም» እያሉ ስላሳደጓቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠሩትን ሁሉ የሚጽፉ ሰው ሆኑ፤ ይህ ጠባይ ኋላ ምን እንዳስከፈላቸው እነግራችኋለሁ።

በፋርማሲ ሙያ ተመርቀው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ መድኃኒት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አገለገሉ። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ቃል በቃል ያልደገመላቸውን ሰው ከባንኮኒው ስለማይለቁት፣ ሰፈሩ «እትዬ ድገሙልኝ» ይላቸው ነበር። ከአናጢው ባለቤታቸው ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል፤ እኔን የወንድማቸውን ልጅም እናቴ ስትሞትብኝ ሦስተኛ አድርገው አሳድገው፣ ሙያውን አስተምረው ከጎናቸው አቆሙኝ።

ቀጣዩን እንዳላነበው ቤተ ዘመድ መክሮኛል። «ለቅሶ ላይ የአባላዘር በሽታ ይነሳል?» ተብያለሁ። ይነሳል።

አንዲት የቢሮ ጸሐፊ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ማዘዣ ይዛ መጣች። እሷ ታክማ ትድናለች፤ ባሏ ግን «እኔ ምን ሆንኩና!» ብሎ ሐኪም ቤት አልሄድ ስላለ መልሶ ያሲዛታል። በሦስተኛው ፅንሷ ወርዶባታል። ሕጉ መድኃኒት የሚሰጠው ስሙ በማዘዣው ላይ ለሰፈረ ሰው ብቻ ነው ይል ነበር። አክስቴ «በሽታው ለሁለት ገብቶ መድኃኒቱ ለአንድ ይወጣል እንዴ?» አሉና፣ ለባሏ የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ጠይቀው ለእሱም መድኃኒቱን በሁለተኛ ፖስታ ሰጧት። ከዚያ በኋላ ለአርባ ስድስት ሰዎች እንዲሁ አደረጉ፤ እያንዳንዱንም «ለቤት ሰው» ብለው በመዝገቡ ላይ አሰፈሩ። ተቆጣጣሪዎቹ የያዟቸው በዚሁ መዝገብ ነው፤ ባይጽፉት ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

በዲሲፕሊን ጉባኤው ፊት እኔም ተጠየቅሁ። ከፖስታዎቹ ግማሹን በእጄ ያሸግሁ ሰው፣ ለሙያ ፈቃዴ ፈርቼ «አላየሁም» አልኩ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ አላጋለጡኝም። ይቅርታ እንዲጠይቁ ሲነገራቸው «ስለ የትኛው የዳነ ሰው?» አሉ። ፈቃዳቸው ለሦስት ዓመት ታገደ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ፣ ሐኪም ለታማሚው የትዳር ጓደኛም አብሮ መድኃኒት እንዲያዝ ተፈቀደ። ያገዷቸው ሰዎች ግን አንዲት መስመር ደብዳቤ እንኳ አልጻፉላቸውም። ባለፈው ማክሰኞ፣ ኩላሊታቸውን ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ዐረፉ፤ ነርሷንም እስከ መጨረሻው የመድኃኒቱን መጠን ሲያስደግሟት ነበር።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔንና ስማቸው ያልተጻፈ አርባ ሰባት የቤት ሰዎችን ትተው ሄደዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቻችሁ እዚህ መካከላችን ቆማችኋል፤ አንገታችሁን አትድፉ። አንገቴን መድፋት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

እትዬ፣ ያኔ ያበላሸሁትን ዛሬ በሰው ፊት ልድገምልዎ፦ አይቻለሁ። ያሸግሁትም እኔ ነኝ።

የጻፉትን ሁሉ የሚያነብ አምላክ ነፍስዎን በሰላም ያሳርፍልን።