እማማ ኦብዱሊያ ያበሉት ጭቃ

ባሕሩ ሸሽቶ በጨው ውኃ ዳር የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥር በተራቆተበት ማለዳ እማማ ኦብዱሊያ ቅርጫታቸውን ይዘው ሥጋው የሚበላውን ዛጎል ሊለቅሙ ሲወርዱ፣ ከእናታቸው በወረሱት ጭቃ ላይ አንዲት ሴት እስከ ጉልበቷ ሰጥማ በወጥ ቤት ወንፊት ጭቃ ስትነፋ አገኙ። ሌባ መስላቸው ሊቆጡ ሲጠጉ የወንድማቸው ልጅ ኔሬይዳ ናት፤ ከአራት ዓመት በፊት ለትምህርት ከተማ የገባችው።

“እንደምን አደሩ አክስቴ? ባሕሩ ሳይመለስብኝ ብዬ ነው ቤት ሳልደርስ የወረድኩት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“አራት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ጭቃ መንፋት ነው? ይህንንማ እኔም በነጻ አስተምርሽ ነበር።”

ኔሬይዳ ሳቀችና ወንፊቱን አሳየቻቸው። ክር የሚያካክሉ ቀያይ ትሎች ይርመሰመሱበታል። እማማ ኦብዱሊያ ፊታቸው በራ።

“አየሽ፣ ጭቃዬ ጠግቧል። እናቴ ከመልቀሟ በፊት አንድ እፍኝ የሽሪምፕ ራስ ታበላው ነበር። እኔ ከሽሪምፕ ማጠቢያው ቤት በየቀኑ ሦስት ጆንያ አመጣለታለሁ። ንፉግ አይደለሁም።”

“ሦስት ጆንያ?” ልጅቷ ደነገጠች። “ዛጎሉስ?”

እማማ ኦብዱሊያ ፊታቸውን አጠቆሩ። ነፍሰ ጡር ከረገጠችው ጭቃ ዛጎል ይሸሻል ይባላል፤ ምራታቸው ዙሌይማ ግን አርግዛ ወረደች። እሳቸውም ሰው ፊት ቅርጫቷን ነጥቀው አባረሯት። ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ ባሏ፣ አንድያ ልጃቸውም ተከትሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለብቻቸው ነው የሚበሉት።

“ዛጎሉማ ሸሽቷል፤ የዙሌይማ ሥራ ነው” አሉ።

ኔሬይዳ ከወዲያኛው ቦይ ያመጣችውን ጭቃ ነፍታ አቀረበችላቸው። ባለብዙ እግር ትል አለ፣ የአሸዋ ቤት ሠርቶ የተደበቀ ትል አለ፣ ጥፍር የምታክል ሸርጣን፣ ግልገል ዛጎል።

“አሥራ አንድ ዓይነት ቆጠርኩ፤ በእርስዎ ጭቃ አንድ። ብዙ ነገር ሲበሰብስበት ጭቃው አየር ያጣል። ሌላው ሁሉ ያልቅና ይህን የሚችለው ቀዩ ትል ብቻውን ይራባል። ብዛቱ ጥጋብ አይደለም አክስቴ፣ መርዶ ነው።”

“ከልጅ ጋር አትጫወት ያሉት ወደው አይደለም። እናቴ ተሳስታ ኖሯል?”

“አልተሳሳቱም። እፍኙን ጭቃው ይበላዋል፤ ጆንያው ግን ይቀብረዋል። እስቲ እጅዎን ከወትሮው ጠለቅ ያድርጉት።”

በእልህ እስከ ትከሻቸው ሰደዱት። ሲያወጡት ክንዳቸው ከሰል መስሏል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በመዳፋቸው ሰባት ዛጎል ነበር፣ ሁሉም እንደ ተገጠመ። አንዱን ሲነኩት ተከፈተ፤ ውስጡ ጥቁር ጭቃ ብቻ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ዛጎሎቹ የትም አልሸሹም፤ ታፍነው እዚያው አልቀዋል።

“ጆንያውን መቼ ጀመሩ?”

“ካቻምና፣ ማጠቢያው ቤት ሲከፈት።”

“ዙሌይማ መቼ አገባች?”

“አምና...” አሉ። ዛጎሉ መጉደል የጀመረው ሠርጉ ሳይታሰብ ነበር። ይህን እያወቁ አንድም ቀን አስተያይተውት አያውቁም። ባዶዎቹን ዛጎሎች ቅርጫታቸው ውስጥ ከተቱ። ሰው ጥፋቱን ከደጁ ውጭ ሲፈልግ ስንት ዘመዱን ይበትናል።

ክንዳቸውን ሳይታጠቡ ከምራታቸው እናት ደጅ ደረሱ። ዙሌይማ ሆዷ ገፍቶ በሩ ላይ ቆመች።

“ዛጎሉን የፈጀሁት እኔ ነኝ” አሉ። “አንቺን ያባረርኩት በራሴ ጥፋት ነው።”

ዙሌይማ ክንዳቸውን አየች። “ቅርጫቴስ?” አለች።

የራሳቸውን ከወገባቸው ፈትተው ሰጧት።

ዛሬ የሽሪምፑ ራስ የሚቀበረው ከጓሯቸው ሙዝ ሥር ነው፤ ሙዙም ካምናው እጥፍ ያፈራል። የመንደሩ ዛጎል ለቃሚ ሴቶችም በየወሩ ጭቃ ነፍተው የትሉን ዓይነት ይቆጥራሉ፤ ዓይነቱ ካነሰ ያን ጭቃ ያሳርፉታል። በእማማ ኦብዱሊያ ጭቃ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ዓይነት ተገኘ፣ በሁለተኛው ስድስት፤ ከስድስቱም አንዱ ግልገል ዛጎል ነበር። ነፍሰ ጡር ስትወርድ አይቶ የሚያጉረመርም ካለ፣ የልጅ ልጃቸውን እንዳዘሉ ወንፊቱን ያቀብሉታል።

“መጀመሪያ ቁጠር” ይሉታል።