የአበባ ምስክሮች

ዘመኑ 2017 ነው፤ ሐምሌ፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል። አፍንጮ በር ተከራይታ የምትኖረው ልጄ አበባ እግሯ ተሰብሮ ከሥራ ስትቀር፣ ከአገር ቤት መጥቼ ወረዳው ለችግረኛ የሚሰጠውን ድጋፍ ልጠይቅላት ሄድኩ። ሠራተኛው «አባት፣ ነዋሪ መሆኗ ይረጋገጥ። ከአገሯ መሸኛ፣ ከዚህ ደግሞ የሚያውቋት ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ» አለኝ። መሸኛውን እንዳይሰጧት ለቀበሌያችን ሊቀመንበር የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ወደ አገሯ እንድትመለስ ብዬ። ምስክሩንም ቢሆን፣ በከተማ ማን ማንን ያውቃል? በቃ ወደ አገር ይዣት እመለሳለሁ ብዬ ስወጣ፣ አሥራ አንድ ሴቶች ዝናብ እየመታቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አባባ፣ የአበባ አባት ነዎት? ጎረቤቶቿ ነን። ደውላልን ልንመሰክር መጣን» ብለው መልሰውኝ ይዘውኝ ገቡ። ሠራተኛው ደነገጠ። «ሦስት ነው እኮ ያልኩት!»

«ታዲያ ማናችንን እናስቀር?» አለችው አንዲት ባልቴት። «እኔ አልጋ ላይ ስወድቅ ክረምቱን ሙሉ ያጠበችኝ እሷ ናት።» ሌላዋ ቀጠለች፤ «እኔ ምጥ ሲይዘኝ ተሸክማ መኪና ላይ ያወጣችኝስ?» ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወሩ ጀመር። እኔ አባቷ አንዱንም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ በጠዋት ተሳፍሬ አገሬ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ፊት ቆሜ መሸኛውን አስጻፍኩና በእጄ አመጣሁላት።