የሙሴ ውሾችና የፍየሉ እግር

እናንተዬ፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የምሠራለት ፈረንሳዊ፣ ሙሴ የምንለው፣ ሦስት አዳኝ ውሾች አሉት። በጅቡቲ ሙቀት ምን እንደሚያድን እሱ ያውቃል! እሁድ እሁድ ስጋ የታሸበትን ጨርቅ ግቢ ውስጥ ይደብቅና አንድ በአንድ እየለቀቀ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ቀጭኗ ሁሌ አንደኛ ናት። ወፍራሙ ግን ጥላ ፈልጎ ይተኛል። "ይሄ ውሻ ሳይሆን ትራስ ነው" ይላል ሙሴ። "ለምን አንድ ላይ አይለቋቸውም?" ስለው "አንቺ ስለ አደን ምን ታውቂያለሽ?" አለኝ።

አንድ እሁድ እንግዳ ተጠርቶ የፍየል እግር ጠብሼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ያ ትራስ በር ላይ ዘፍ ብሎ ሊሞት እንደሆነ ሁሉ ያለቅሳል። ሮጬ ወጥቼ ሆዱን ሳሽ፣ ለካ ቀጭኗ በጓሮ በር ገብታ እግሩን ከጠረጴዛው ጎትታ ለሦስተኛው አቀብላለች! ሟቹም ብድግ ብሎ ተከተላቸው። አለቀልኝ ብዬ ሙሴን ጠርቼ የሆነውን ነገርኩት። ሦስቱ ሳይናከሱ አንድ እግር ሲበሉ አየና ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ብራቮ! ለካ አለቃቸው ትራሱ ነው!" እንግዶቹ ሩዝ ብቻ በልተው ሄዱ።

እኔስ ከውሻ ላንስ ነው እንዴ? ከአፋሩ ዘበኛችንና ከሙሴ ሾፌር ጋር መከርኩ። በሚቀጥለው እሁድ ሌላ የፍየል እግር ጠብሼ ሳበቃ ዘበኛው በር ላይ ወድቆ "ሆዴን! ሆዴን!" አለ። ሙሴ ወደ እሱ ሲሮጥ እኔ እግሩን በጓሮ በር ለሾፌሩ አቀበልኩ። ስጋውን ሦስታችን ተካፈልን፤ አጥንቱን ለውሾቹ ወረወርንላቸው። ሙሴም አጥንቱን ሲግጡ አገኛቸውና ብራቮውን እነሱው ወሰዱ።