መዞሪያ የሌለው በረት

የጭነት መኪና መዛኙ ሌስተር ኳይድ ቋሊማ የተጠቀለለበትን ዳቦ በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ ዝንብ እያባረረ ብሮንዊን አጠገብ ቆመ። የበረቱ ነዳፊ ተብሎ የሚመሰገነው ሰውዬ ከጀርባቸው ሁለት እርምጃ ርቆ፣ አዲስ ባርኔጣውን ደፍቶ እንግዳ ይቀበላል። የሚሰማበት ርቀት ነው፤ ሌስተርም ቦታውን የመረጠው ለዚሁ ነው። ከአውስትራሊያዋ ጁሊያ ክሪክ ከተማ ወጣ ብሎ የተሠራው፣ በመኪና የሚጓዝ ከብት የሚያርፍበት በረት ገና መመረቁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት ሁለተኛውን በረት የመንደፍ ሥራ ለማን እንደሚሰጥ ድምፅ ይሰጣል። ብሮንዊን የምክር ቤት አባል ናት፤ ይህ ሁለተኛው በረት የሚሠራውም እሷ ከብት በምታረባበት መሬት ደጃፍ ነው።

«ሙቀቱ ዘንድሮ ባሰ አይደል፣ ብሮኒ? ጥጆቹስ ደኅና ናቸው? ... ደስ ይላል። እኔማ ይህን በረት ሳይ ዓይኔ ጠገበ። ቀለሙን አየሽው? ሪባኑስ? መቀሱ እንኳ አዲስ ነው! እንዲህ ያለውን የተማረ ሰው ካልሆነ ማን ያስበዋል?

«በር ላይ የቆመችውን መኪና ግን እንዳላየሽ እለፊያት። ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። ሃምሳ ሜትር የሚረዝም ባለ ሦስት ተሳቢ ይዞ ወደ ከብት በረት ይመጣል? ሁለት ሁለቱን በታክሲ አያመጣቸውም ነበር? አሁን ሁለቱን ተሳቢ መንገድ ዳር ፈትቶ አንድ በአንድ ያስገባል፤ ከብቱም በፀሐይ እየጮኸ የትልቅ ሰው ንግግር ያበላሻል...

«የመኪናው መዞሪያ ጠበበ ይላሉ አሉ። ተዪ እንጂ ብሮኒ! ወደ ኋላው ዞር ብሎ አይቶ የማያውቅ ሰው መዞሪያ ምን ያደርግለታል? እሱ ወደ ፊት ብቻ ነው። ማንን ረግጦ እንዳለፈ እንኳ ልብ አይልም፤ ሐሳቡ ሩቅ ነዋ።

«ደግሞ የንባብ ፍቅሩ! ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ሦስት በጋ ሙሉ መንገድ ዳር ተቀምጦ የከብት መኪና ቆጠረ፤ ከብቱ የት እንደሚዝል፣ የት ማረፍ እንዳለበት አጥንቶ ይህንኑ በረት ነደፈ። ጥናቱን ለአለቃው ሰጠ። አለቃው አነበበና ከመውደዱ የተነሣ... ስሙን ጻፈበት። ሰው የወደደው መጽሐፍ ላይ ስሙን ይጽፍ የለ? አንድ ገጽ ብቻ አልጣመውም መሰለኝ፤ ወጪ ያበዛል ብሎ ገንጥሎ ጣለው። የመዞሪያው ሥዕል ያለበትን።

«መሐንዲሱ? ዛሬ የጭነት መኪና ይመዝናል። ምን ጎደለበት? የሰውን ክብደት ለማወቅም ይረዳዋል...»

ከጀርባቸው ይሰማ የነበረው ሳቅ ቀጥ አለ። ብሮንዊን ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሣችም። በሩ ላይ ሹፌሩ ሁለተኛውን ተሳቢ ሊያመጣ ባዶ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ፣ አዲሱን አጥር በኋላ ጎማው ገጨው። ሌስተር ዳቦውን ገመጠና ቀስ ብሎ አላመጠ።

«ኧረ እኔ ቅናት የለብኝም። ለእሱ ስጪ፣ አትስጪ ብዬም ድምፅሽ ውስጥ አልገባም። መመረቅ ብቻ ነው የኔ ድርሻ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሁለተኛውን በረት ደግሞ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ የማንም እጅ ሳይነካበት... እሱው ራሱ፣ ብቻውን፣ ከገዛ ጭንቅላቱ አውጥቶ ለመንደፍ ያብቃው። አሜን በዪ እንጂ፣ ብሮኒ!»