ጋሼ ታደሰ ዳር ይዘው የቆሙ ዕለት

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት በዶፍ ዝናብ ከምኖርበት ከፖይንት ኩክ ሰፈር ወደ ዌሪቢ ለሥራ ስነዳ፣ አንዲት አሮጌ መኪና ከፊቴ ታዘግማለች። የሥራ ፈረቃዬ ሊያመልጠኝ ነውና ክላክሱን ደጋግሜ ነፋሁባት። መንገዱን ለቃ ዳር ቆመች። ሳልፋት ሹፌሩን አየሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ጋሼ ታደሰ ናቸው! አፍሬ ቆምኩና ወደ እሳቸው ሮጥኩ። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ ተቀዷል፤ መስታወቱም ከውስጥ በትንፋሽ ደብዝዟል። ባለቤታቸውን እትዬ አልማዝን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል እየወሰዱ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፤ እንደ ዛሬ ፈርቼ አላውቅም» አሉኝ ጋሼ ታደሰ። 

«ክላክስ የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ለአንተ ክላክስ አይደለም የቆመው፤ ለእኔ ሰግቶ ነው» አሉ እትዬ አልማዝ።

ሥራ ቦታ ደውዬ እንደማረፍድ ተናገርኩና የእሳቸውን መኪና እዚያው ትተን በእኔ ሆስፒታል አደረስኳቸው፤ ዝናቡ ሲያባራ መኪናዋን ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ መጥረጊያውን አብረን ቀየርን። እንደጨረስን ጋሼ ታደሰ ወደ መኪናዬ ሄደው ጎንበስ አሉና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ጎማህ እኮ አልቋል! በዚህ ነው እንዴ በዚያ ዝናብ የወሰድከን?»

 እንዲህ ብለው ግን አልተቆጡኝም፤ ቁልፌን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱና የራሳቸውን መኪና በር ከፍተው «ግባ፣ ዛሬ እኔ አደርስሃለሁ» አሉኝ።